ለምርመራ ቀን የሚለበስ ሸሚዝ

ለክቡር የምሥራቅ ሸለቆዎች የቀድሞ ወታደሮች የጉዳት አበል መርማሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፥

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤናን፣ ለቤተሰብዎ ደኅንነትን፣ ለወንበርዎም ምቾትን እመኛለሁ። ስምዎን ጠቅሼ ሰላም ባለማለቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ባለፉት ዓመታት ከጽሕፈት ቤትዎ ወደ ቤቴ የመጡት ደብዳቤዎች በማኅተም እንጂ በሰው እጅ የተፈረሙ ስላልነበሩ፣ ከማኅተሙ በስተጀርባ የተቀመጠው ሰው ወንድ ይሁን ሴት፣ ሽማግሌ ይሁን ወጣት ለማወቅ አልታደልሁም። ማንም ይሁኑ ማን፣ እንቅልፍዎ የጣፈጠ እንዲሆን ከልቤ እጸልያለሁ። በእኛ ሰፈር እንቅልፍ የታደለው ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ የቀረው ሁሉ ወደ እናንተ ቢያልፍ አይደንቀኝም።

እኔ ኦርፋ ዊትኮም እባላለሁ። በአልደር ቤንድ ከተማ ዳርቻ፣ ከመስኖው ቦይ አጠገብ፣ የቨርል ዊትኮም ሚስት ሆኜ ኖርሁ፤ አሁን በዚያው ቤት መበለቱ ሆኜ እኖራለሁ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ቼሪ ለቀማ ስለገባሁ በደብዳቤዬ ጉድለት ቢያገኙ መምህሮቼን አይውቀሱብኝ። ያለችኝን ንባብ ያገኘሁት ከከተማችን ቤተ መጻሕፍት ነው፤ በዚህ ዓመት የበረዶ ወራት ደግሞ እዚያው ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ የጽሕፈት ቤትዎን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር አነበብሁ። ከዚያ ወዲህ የማነበው መጽሐፍ ሁሉ ቀልሎኛል፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ።

ይህን ደብዳቤ በሸለቆው ጋዜጣ ላይ ማውጣቴ ክብርዎን ለመንካት አይደለም። በስልክ ሞክሬ ነበር። «ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው» የምትለው ልጅ እጅግ ጨዋ ናት፤ ደጋግማ ስለነገረችኝም አምኛታለሁ። ሆኖም አበቦቼን አጠጥቼ፣ የወጥ ቤቱን ወለል አጥቤ፣ ሾርባ ጥጄ አውርጄ እስክጨርስ ድረስ ከእርሷ በቀር ሌላ ሰው ወደ መስመሩ አልመጣም።

የቸኮልሁበትን ምክንያት በግልጽ ላስረዳ። ጎረቤቴ ቶቢን ክሬል የፊታችን ሐሙስ ጠዋት ጽሕፈት ቤትዎ ከመደበው ሐኪም ፊት ይቀርባል። ከኢራቅ ይዞት ለመጣው የአእምሮ ቁስል፣ እናንተ ፒቲኤስዲ ለምትሉት፣ ከዓመታት በፊት የግማሽ ያህል ጉዳት ተብሎ አበል ተቈርጦለታል፤ አሁን ስለባሰበት ከፍ እንዲልለት አመልክቷል። ቢፈቀድለት ከፍራፍሬ እርሻው ሥራ ለቆ፣ ሚስቱን ካርሊንን ይዞ፣ የቼሪ ዛፍ ወደማይበቅልበት ወደ ወንድሟ ከተማ ይሄዳል። ቢቀነስበት ግን አሁን ያሉበትን ቤት እንኳ ይዘው መቆየት አይችሉም። እስከ ሐሙስ ማመልከቻውን መልሶ መውሰድ ይችላል። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ከእሑድ ወዲህ ሐሳቡን ስንት ጊዜ እንደለዋወጠ ካርሊን መቁጠር ትታለች። ሰማዩም ከምዕራብ በኩል እየጠቆረ ነው። ይህችን ያህል ስጽፍ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ በመስኮት አየሁት። ደመናው ከጉዳዩ ጋር ምን እንደሚያገናኘው በተራው እገልጻለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቆጡና ስለ ብብቱ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴት ማን እንደነበረች ማንም አያውቅም ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ዘመዶቿን በየጊዜው በስም በስማቸው ስላሳወቀን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። መመሪያዎ ሕመሙ የጠናበት ሰው አበሉ ከፍ እንዲል መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል፤ ይህ ደግነት ነው። ዝቅ ብሎ ደግሞ የጠየቀ ሰው መዝገቡ እንደ አዲስ ሊታይ፣ ተሽሎታል ከተባለም ቀድሞ ከተሰጠው ላይ ሊቀነስ እንደሚችል ይናገራል፤ ይህ ጥበብ ነው። «ሕመሜ ጠናብኝ» ብሎ የመጣን ሰው፣ ጠንቶ ካልተገኘ የያዘውንም መድኃኒት ትነጠቃለህ ብሎ በር ላይ ማስጠንቀቅ የሕመሙን ግማሽ እዚያው በድንጋጤ ያስረሳዋል።

ጎርዲ ፔልማንን ያስታውሱት ይሆናል። ጎርዲ የቨርል የጦር ጓድ ነው። የእናንተው ሐኪም ከሰው እንዳይርቅ፣ ወንዝ ዳር እየወረደ ከልጅ ልጁ ጋር ዓሣ እንዲያጠምድ መከረው፤ ጎርዲም ታዛዥ ወታደር ስለሆነ አጠመደ። ጭማሪ ሊጠይቅ በቀረበ ጊዜ ይህንኑ በኩራት ተናገረ። «በመዝናኛ ይሳተፋል» ተብሎ ተጻፈለትና ካለው ላይ ተቀነሰ። አሁን ጎርዲ ወንዝ ዳር አይወርድም። ዓሣዎቹ ደብዳቤ መጻፍ ቢችሉ ኖሮ ምስጋናውን ከእኔ በተሻለ ባቀረቡልዎ።

ባለፈው እሑድ በዘማቾች አዳራሽ የፓንኬክ ቁርስ ነበር። ከቨርል ዘመን ጀምሮ ሳህን የማጥበው እኔ ነኝ፤ ሳህን የሚያጥብ ሰው ደግሞ ሁሉን ይሰማል። ጎርዲ ቶቢንን ከጎኑ አስቀምጦ ይመክረው ነበር።

«የነብር ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም። አንተ ገና አልያዝህም፤ እጅህን ሰብስበህ ቁርስህን ብላ» አለው።

ኤሊሴዮ ባራጋን ከምድጃው ሳይነሣ ጣልቃ ገባ። ኤሊሴዮ የአዳራሹ ወጥ ሠሪ ነው፤ ጎርዲን ካላናደደ ሊጡ የሚነሣለት አይመስለውም። ነብሩ ጎርዲን የነከሰው ወሬ ስለሚያበዛ እንጂ ጅራቱን ስለያዘው አይደለም፣ ቶቢን ግን በዓመት ሁለት ቃል ስለሚናገር ከየትኛው ላይ ይቀንሱበታል አለ። ሳቁ። ቶቢንም ፈገግ ብሎ፣ በእኛ ሸለቆ ያሉ ዘማቾች ሁሉ እንደ ጸሎት የሚደግሟትን ያችን ቃል ተናገረ።

«ከእኔ የባሰ አለ። እግሩን እዚያው ጥሎ የመጣ ሰው እያለ እኔ ምን ብዬ ነው የምጠይቀው? ሁለቱም እግሬ አለ።»

ኤሊሴዮ እሳቱን ዝቅ አድርጎ፣ እያነከሰ፣ ምድጃውን ዞሮ መጣ። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የብረት ነው።

«ጥሎ የመጣው እኔ ነኝ» አለው። «አንተ በጠየቅህ ቁጥር የእኔ እግር የሚያጥር መስሎህ ከሆነ አይዞህ፤ ከዚህ በላይ አያጥርም።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ቶቢንም ሳቀ፤ ሳህኑን ግን ሳይነካው ወደ እኔ መለሰው። «ከእኔ የባሰ አለ» የምትለው ቃል ለመንግሥት ካዝና ያስገባችው ገቢ ከማንኛውም ግብር እንደማያንስ እገምታለሁ፤ ስለዚህ በጽሕፈት ቤትዎ ደጃፍ ላይ በድንጋይ ብታስቀርጿት አይበዛባትም።

ሁለተኛ፣ ስለ ወራቱ።

እንደ ቶቢን ያለ ቁስል ከጦርነት ይዞ የመጣውን የባሌን የቨርልን ጉዳይ ልታዩ የጠራችሁት በየካቲት ነበር፤ በየካቲት ይህ ሸለቆ በበረዶ ተሸፍኖ ከቁራ በቀር ድምፅ የሚያሰማ የለም። ሐኪሙም «የተረጋጋ» ብሎ ጻፈ። እውነቱን ነው፤ በየካቲት ዛፎቻችንም የተረጋጉ ናቸው።

ጽሕፈት ቤትዎ ከተማ ውስጥ ስለሆነ ቼሪ የሚያውቁት በሳህን ላይ ይሆናል፤ ስለዚህ ጥቂት ላስረዳ። ፍሬው ሊለቀም ሲደርስ ዝናብ ከጣለ፣ ውኃው በፍሬው አናት ባለችው ጎድጓዳ ላይ ተቋጥሮ ቆዳውን ይሰነጥቀዋል፤ የዓመት ልፋት በአንድ ጠዋት ለወፍ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ባለ እርሻዎቹ ሄሊኮፕተር ይከራያሉ። ዝናቡ እንዳባራ ጎሕ ሲቀድ ይመጡና ከዛፎቹ አናት ላይ ዝቅ ብለው፣ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ፣ በነፋሳቸው ውኃውን ያራግፋሉ። አብራሪዎቹ ደጎች ናቸው፣ ፍሬውም ይድናል፤ የምወቅሰው ሰው የለኝም። ነገር ግን የመስኮቴ መስታወት ይንቀጠቀጣል፣ ቅጠሉ ሁሉ በጀርባው ይገለበጣል፤ ቨርል በሕይወት ሳለ በዚያች ሰዓት የት እንደሚገባ እኔ ብቻ አውቅ ነበር።

ቶቢን በኢራቅ የቃሬዛ ተሸካሚ ነበር። ሄሊኮፕተሩ ሲያርፍ ሰው ይዞ ወደ ሥሩ የሚሮጠው እርሱ ነው። ምን ምን እንደተሸከመ አልጠየቅሁትም፤ እርሱም አልነገረኝም። ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ።

ባለፈው ዓመት በሰኔ ወር፣ ዝናብ በጣለ ማግሥት፣ ባዶ ሣጥን ልወስድ ወደ እርሻው የፖም ማቀዝቀዣ ቤት ሄድሁ። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ የውጭ ድምፅ አይዘልቀውም። ቶቢን እዚያ በሣጥኖቹ መካከል በስስ ሸሚዝ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ሁለት እጆቹ ከጎንና ጎኑ ተጨብጠዋል፤ የቃሬዛውን እጀታዎች እንደ ያዘ ነው። «ልቀቅ ልጄ» አልሁት፤ አልሰማኝም። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈለቀቅሁለት። የቀዘቀዘ ሰው ጣት እንዲህ ይጠነክራል ብዬ አልገመትሁም ነበር።

ከዚያ ክፍል አጠገብ ሌላ በር አለ፤ ቀይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበታል። ፖሙ እንዳያረጅ ተብሎ ለመተንፈስ የሚያስፈልገው አየር የተመጠጠበት ክፍል ነው፤ ሳያውቅ የገባ ሰው ለመጮኽ እንኳ ጊዜ አያገኝም። ቶቢን የእርሻው አለቃ ስለሆነ የሁለቱም ቁልፍ በወገቡ ላይ ነው። በየትኛው በር እንደገባ ስጠይቀው ዞሮ በሩን አየ። ሲገባ አላየውም ነበር። ከዚያም እንዲህ አለኝ፦

«እማማ ኦርፋ፣ ለካርሊን እንዳይነግሯት። ለአሠሪዬም። አደራ።»

አደራውን ጠበቅሁ። ዝም ማለት እችልበታለሁ፤ በዚህ ሙያ የረጅም ዘመን ልምድ አለኝ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ይህንን ሰው በዚህ ወር በመጥራቱ ስለ ቨርል ያልሁትን መልሼ ወስጄ አመሰግን ነበር። ሆኖም ምርመራው የሚደረገው ከዚህ ሦስት ሰዓት በሚያስነዳ ከተማ፣ ለስላሳ ምንጣፍ በተነጠፈበት ክፍል፣ የፏፏቴ ሥዕል በተሰቀለበት ግድግዳ ሥር መሆኑን ሰምቻለሁ። በዚያ ክፍል እኔም ብገባ ተሽሎኝ የምወጣ ይመስለኛል።

ሦስተኛ፣ ስለ ሸሚዙ።

ዋናው አቤቱታዬ ይህ ነውና በትዕግሥት እንዲያነብቡልኝ እለምናለሁ።

ቨርል ለምርመራ በተጠራ ዋዜማ ነጭ ሸሚዙን አጥቤ፣ በስታርች አጠንክሬ፣ ኮሌታው እንደ ምላጭ እስኪቆም ድረስ ተኮስሁለት። እርሱም ጫማውን ወለወለ፣ ጢሙን ተላጨ፣ ጥፍሩን ቆረጠ። ቀጠሮው ከሚጀምርበት ሰዓት እጅግ ቀድመን ደርሰን መኪናው ውስጥ ተቀመጥን። ወታደር አለቃ ሲጠራው እንዲህ ነው የሚቀርበው፤ ሌላ አቀራረብ አልተማረም። ሐኪሙ «እንዴት ነህ?» ሲለው ተነሥቶ ቆሞ «ደህና ነኝ ጌታዬ» አለ። ይህንንም ቢሆን ያስተማረው መንግሥት ነው።

በኋላ የመጣልን ውጤት «ንጹሕ፣ ሥርዓት ያለው፣ ሰዓት አክባሪ፣ ትሑት» ይላል። ከአርባ ዓመት ትዳር በኋላ ስለ ባሌ እንዲህ ያማረ ቃል ከሌላ ሰው ሰምቼ ስለማላውቅ ቆርጬ ላስቀምጠው ቃጥቶኝ ነበር። ጭማሪው ግን ተከለከለ። ነገሩ የገባኝ አሁን፣ መመሪያውን ሳነብ ነው፤ ለከፍተኛው የጉዳት መጠን ከተዘረዘሩት ምልክቶች አንዱ ሰውነትንና ንጽሕናን መጣል ነው። ለካ እኔ በካውያ የደመሰስሁት አንዱን ማስረጃ ኖሯል።

ሐኪሙ እኔንም አንድ ነገር ጠይቆኝ ነበር፤ ቤት ውስጥ እንዴት ነው፣ ይተኛል ወይ አለኝ። ገመናን በባዕድ ፊት አለማውጣት የሴት ወግ ነው ብለው ያሳደጉኝ እኔ «ደህና ይተኛል» አልሁ። ቨርል አንድ ጊዜ አየኝ፤ ከዚያ ወለሉን አየና «እሷ እንዳለችው ነው» አለ። «ደህና ይተኛል» ያልኋት ቃል የእኔ ጥፋት ናት፤ ከጽሕፈት ቤትዎ ጋር አልካፈላትም። ቨርል ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረ፤ አንድም ቀን አላነሣብኝም። ቢያነሣብኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ወደ ቶቢን ልመለስ። ትናንት ካርሊን ሰማያዊ ሸሚዙን በክንዷ ይዛ መጣች። ካውያዋ ተቃጥሎባታል፤ እኔ ደግሞ በሸሚዝ የታወቅሁ ነኝ። ሐሙስ ሰው መስሎ እንዲቀርብ ትፈልጋለች። ቶቢን ከኋላዋ ተከትሎ ገባና በሩ ላይ ተደግፎ ቆመ። እኔም መመሪያው ስለ ሸሚዝ የሚለውን ነገርኋቸው። ካርሊን ደነገጠች። ሳይላጭ፣ በቆሸሸ ሸሚዝ ይሂድ ማለቴ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ምን እንደማለቴ እኔም አላውቅም ነበር። ቶቢን ቀስ ብሎ ተናገረ፦

«በየቀኑ የምላጨው ካልተላጨሁ አንድ ቀን መላጨት የማቆም ስለሚመስለኝ ነው። አሁን ቆሽሼ ብሄድ አስመሳይ ነኝ፤ ጸድቼ ብሄድ ጤነኛ ነኝ። እስቲ ንገሩኝ፣ የማይዋሽ ሰው ምን ዓይነት ሸሚዝ ይልበስ?»

ክቡር ሆይ፣ ጥያቄውን እንደ ወረደ ለእርስዎ አስተላልፌዋለሁ። መመሪያው ብዙ ገጽ ስላለው ለሸሚዝ የሚሆን ግማሽ ገጽ አይጠፋበትም፤ ቀለሙን፣ የእጥፋቱን ብዛት፣ ምን ያህል ቁልፍ መጉደል እንዳለበት ቢደነግጉልን እናከብራለን። እስከዚያው ሸሚዙ ወጥ ቤቴ ውስጥ ተሰቅሏል። አንዱን እጅጌ ተኩሼዋለሁ፣ ሌላውን ትቼዋለሁ፤ ሐኪሙ የወደደውን እጅጌ ይመዝግብ።

አራተኛ፣

አራተኛም ነበረኝ፤ ነገር ግን ዝናቡ ጣሪያውን መምታት ስለጀመረ እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀመጥሁ።

ይህንን የምጽፈው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። አራተኛው አቤቱታ ምን እንደነበረ ጠፍቶኛል፤ በእርሱ ፋንታ የሆነውን ልንገርዎ።

ጎሕ ሲቀድ፣ ገና የመጀመሪያው ሄሊኮፕተር ከኮረብታው ማዶ ሲሰማ፣ የቨርልን የጎማ ቦት ጫማ አጥልቄ ወጣሁ። ዕድሜዬ ለሩጫ የሚሆን አይደለም፤ ግን ሮጥሁ ብል አልዋሸሁም። ማቀዝቀዣ ቤቱ ጋር ደርሼ ቀይ ምልክት ባለበት በር ፊት ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምሁ። ብዙም አልቆየ፤ ቶቢን በዛፎቹ መካከል ጎንበስ ብሎ እየሮጠ መጣ። ቁልፉን በእጁ ይዟል። ዓይኑ እኔን አየ ማለት አልችልም።

«ዞር በይ» አለኝ። ቶቢን ከአንቱታ ወርዶ ሲያናግረኝ የመጀመሪያው ነው።

«የእኛ በር ወዲያኛው ነው ልጄ» አልሁት።

እጁን ይዤ ወሰድሁት፤ አብሬውም ገባሁ። ግድግዳው እውነትም ድምፅ አይዘልቀውም። በፖም ሣጥን ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ቡጢዎቹን ሲጨብጥ በአንደኛው ውስጥ የእኔን ጣቶች አስገባሁ። ብዕር የምይዝበት እጅ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ አብጧል፤ የጋዜጣው አዘጋጅ ፊደሌ ከላይኛው ገጽ ቢለይበት ምክንያቱ ይህ ነው።

በሩ ሲከፈት ካርሊን ናት፤ ጃኬቱን በእጇ ይዛ ስትፈልገው ነበር። ለጥቂት ጊዜ አየችን። ከዚያም ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ ጠየቀች። ቶቢን ወደ እኔ ዞረ። አደራው የእርሱ ነበረ፤ እኔ ግን ከዚህ በላይ ልሸከመው አልቻልሁም።

«ባለፈው ዓመትም እዚሁ ነበር» አልኋት። ስለ ሌላኛው በርም ነገርኋት።

ካርሊን ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለትና ወደ እኔ ተመለሰች። አልጮኸችም። «እኔ ሸሚዝ ታቅፌ እዞራለሁ፤ እርስዎ ይህንን ታቅፈው ዓመቱን ሙሉ ቡና ያጠጡኛል። ባሌ ሞቶ ቢገኝ ምን ሊሉኝ ነበር?» አለችኝ።

ጣቶቼን ከቶቢን ቡጢ አወጣሁና ቦታዬን ለእርሷ ለቀቅሁላት።

ሄሊኮፕተሮቹ ከሄዱ በኋላ ሦስታችን ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቅን ተቀመጥን። ዛፎቹ ደርቀው፣ ቼሪው ሳይሰነጠቅ፣ አብረቅርቆ ነበር፤ ለቃሚዎቹ መሰላላቸውን ይዘው መግባት ጀምረዋል። ካርሊን ቀጠሮው እንዲቀር ፈልጎ እንደሆነ ጠየቀችው። በቤታችን ያለው ይበቃናል፣ የያዝነውን አንጣ፣ ሌላ መላ እንፈልግ አለችው። ስትናገር እንደማታምንበት ያስታውቅ ነበር። ቶቢን የቁልፉን ዘለበት አገላበጠ።

«እሄዳለሁ» አለ። «ይቀንሱም እንደሆነ ይቀንሱ። ግን እንደ ተጠየቅሁ 'ደህና ነኝ' ነው የሚወጣኝ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ያየኝ ሰው አብሮኝ ይግባ።» ከዚያም ወደ አንቱታው ተመልሶ፣ «እማማ ኦርፋ፣ ይገባሉ?» አለኝ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የሰው በሽታ የደበቀ ምን እንደማይገኝለት ግን ተረቱ አይናገርም።

እገባለሁ አልሁት።

የቶቢንን ስም በጋዜጣ ላይ ስለማውጣቴ እንዳይታዘቡኝ፤ አስፈቅጄዋለሁ። መጀመሪያ ወደ አሠሪው፣ ወደ እርሻው ባለቤት ቤት ሄዶ ሁሉን በራሱ አንደበት ነገረው። ምን እንደመለሰለት አላወራኝም፤ የማቀዝቀዣ ቤቱ ቁልፎች ግን ከወገቡ ላይ የሉም። ሲመለስ፣ «ይጻፉት፤ አልደር ቤንድ ውስጥ ያልሰማ ካለ ጎርዲ ይነግረዋል» አለኝ።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ይህ ጋዜጣ በጠረጴዛዎ ላይ በሚዘረጋበት ጠዋት እኛ በመንገድ ላይ ነን። የምለምንዎ ጥቂት ነገር ነው። ሐኪሙ ክፍል ውስጥ አንድ ተጨማሪ ወንበር ይዘጋጅልኝ፤ ለስላሳ መሆን የለበትም። ቀስ ብዬ የምናገር ሴት ስለሆንሁ ከእኛ ቀጥሎ ባለጉዳይ አይቀጠርብን። መመሪያዎ የዓይን ምስክር ቃል እንዲሰማ ስለሚፈቅድ ገጹን ምልክት አድርጌ ይዤ እመጣለሁ። ሐኪሙ ይህ ሰው በቤቱና በሥራው እንዴት ነው ብሎ እንዲጠይቀኝም እለምናለሁ። አይገባትም ብሎ አይስጋ፤ ጥያቄውን ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ።

ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ ወንበርዎ እንዳይወላገድ፣ ምንጣፍዎም የማንንም እግር ኮቴ እንዳያሰማ እየተመኘሁ፣ በፍጹም ትሕትና እሰናበታለሁ።

የጽሕፈት ቤትዎ ታማኝ አንባቢ፣
ኦርፋ ዊትኮም
የቨርል ዊትኮም መበለት
አልደር ቤንድ፣ ከመስኖው ቦይ አጠገብ

ማስታወሻ፦ የጋዜጣው አዘጋጅ ደብዳቤው ስለረዘመ ከውስጡ የሚቆረጥ እንዲኖር ጠይቆኛል። ምስጋናዎቹን በሙሉ እንዲያወጣቸው ፈቅጄለታለሁ፤ ጎደለብኝ የሚል ሰው ከጽሕፈት ቤትዎ ቢመጣ በእጄ ጽፌ እልክለታለሁ፤ ስሙን ግን አስቀድሞ ይንገረኝ።